በአንድ ፍሪጅ ሁለት ኢንሱሊን

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ድመት መርፌ ነው። «በቤተ ክርስቲያን በር ላይ በሚሸጥ መጽሔት ስለ ድመት?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ ባለቤቴም መጀመሪያ ያለኝ ይህንኑ ነው። ነገር ግን ታግሣችሁ ብታነቡልኝ፣ ድመት የሌላችሁም ብትሆኑ ኢንሱሊን የሚወጋ እናት ወይም አባት ወይም ልጅ ያላችሁ ብዙ ናችሁና የሚጠቅማችሁ ነገር አይጠፋም።

የምንኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ ነው። በቤታችን እኔና ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችን፣ ከሆሳዕና የመጣችው እናቴ፣ እንዲሁም ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ከእንስሳት መጠለያ ያመጡት አንድ ወንድ ድመት አለን። ልጆቹ የእንግሊዝኛ ስም አውጥተውለት ነበር፤ እናቴ ግን ከመጣችበት ቀን ጀምሮ «ውሮ» ስላለችው አሁን በሌላ ስም ቢጠሩት ዞር ብሎም አያይ። ዕድሜው ዐሥር ዓመት ሲሆን ክብደቱ ወደ ሰባት ኪሎ ደርሶ ነበር። ባለፈው ዓመት የምስጋና በዓል ሰሞን ውኃ መጠጣት አበዛ፣ የሚሸናበትን አሸዋ በቀን ሁለት ጊዜ መቀየር ግድ ሆነ፣ ደህና እየበላም ከሳ። «ይህ ድመት የኔ በሽታ ነው የያዘው» አለች እናቴ። ልጆቹ ሳቁ። የእንስሳት ሐኪሟ ደሙንና ሽንቱን መርምራ ስትነግረን ግን እውነትም የስኳር በሽታ ነበር።

የድመት ስኳር በአብዛኛው የሚመስለው በሰው ዘንድ ሁለተኛው ዓይነት የሚባለውን ነው። የወፈረ፣ የተኮላሸ፣ ዕድሜው የገፋና ከቤት የማይወጣ ወንድ ድመት ከሁሉ ይልቅ ይጠቃል፤ የኛው ውሮ ከነዚህ አንዱም አልጎደለበትም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 ለድመት ስኳር በአፍ የሚሰጡ ሁለት መድኃኒቶች ተፈቅደዋል። እኛም በመርፌ ፈንታ እነርሱን ተመኝተን ነበር፤ ሆኖም በሽንቱ ውስጥ ኬቶን ስለ ተገኘ ሐኪሟ ለእርሱ አይሆንም አለችን። ስለዚህ ኢንሱሊን፣ በየዐሥራ ሁለት ሰዓቱ አንድ ዩኒት፣ ታዘዘለት።

ለድመት ይህን ያህል?

የቤት ኅብረታችን አንዲት እህት ነገሩን በሰማች ጊዜ፣ «አገር ቤት ስንቱ ሰው ኢንሱሊን አጥቶ ሲቸገር ለድመት ገንዘብ ታወጣላችሁ?» አለችኝ። አልተቀየምኋትም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ሌሊት ሌሊት አስቤበታለሁ። ለዘመዶቻችን የምንልከውን ገንዘብ ለድመት ብለን አንቀንስም ብለን ከባለቤቴ ጋር ተስማማን፤ የቀረነው በየሳምንቱ ምግብ ቤት ከመብላት ነው።

ከዚያ በተረፈ ግን ሳስበው፣ ለእንስሳ ማሰብን መጽሐፍ ቅዱስ ከጽድቅ ጋር ነው የሚቆጥረው፤ በመጽሐፈ ዮናስ መጨረሻም እግዚአብሔር ስለ ነነዌ መራራቱን ሲናገር ከብቶቿንም ሳይጠቅስ አላለፈም። ኢንሱሊን የሚባለው መድኃኒትም የተገኘው በእንስሳት በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ካናዳ ውስጥ በቶሮንቶ ከተማ ባንቲንግና ቤስት የተባሉት ተመራማሪዎች የሠሩት በውሾች ላይ ነበር። በጥር ወር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ የተሰጠው የመጀመሪያው መርፌ ከከብት ቆሽት የተጨመቀ ነበር። ከዚያም በኋላ ለስድሳ ዓመት ያህል የዓለም ስኳር ሕሙማን በሕይወት የኖሩት በበሬና በዐሳማ ኢንሱሊን ነው። «ዩኒት» የምንለው ልክ ራሱ መጀመሪያ የተወሰነው የጥንቸል ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ምን ያህል ያወርዳል ተብሎ ነው። እንግዲህ እንስሳት ለእኛ ይህን ያህል ከከፈሉ፣ እኛ ለአንድ ድመት በቀን ሁለት ዩኒት ብንሰጥ ትርፍ ነገር አይመስለኝም።

እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር ልጨምርላችሁ። ለውሮ የታዘዘው ኢንሱሊን ከዐሳማ የሚሠራ ነው፤ ዓይነቱም «ሌንቴ» ይባላል። ሐኪሟ ስሙን ስትጠራ እንግሊዝኛ የማትሰማው እናቴ ቀና አለች። ለካ እርሷም ከብዙ ዓመታት በፊት መጀመሪያ የታዘዘላት ሌንቴ ነበር! የዐሳማ መሆኑን ስተረጉምላት ፊቷ ተለዋወጠ። «እኔም ያኔ የዐሳማ ነበር እንዴ የተወጋሁት?» አለች። መልሱን ማንም አላወቀላትም። ቆየት ብላ፣ «እንኳን ሳልሰማ ቀረሁ» ብላ ዘጋችው።

ሁለት መስፈሪያ በአንድ ቤት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እናቴ የምትወስደው የሰው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት አለው። የውሮ ግን በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ብቻ ነው። ለየአንዳንዱ የተሠራ የራሱ ሲሪንጅ አለ፤ በአሜሪካ የ100ው ክዳን ብርቱካናማ፣ የ40ው ክዳን ቀይ ነው። ሁለቱን ሲሪንጆች ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው መንትያ ይመስላሉ። በሁለቱም ላይ «10» የሚል ቁጥር አለ፤ በዚያ ቁጥር ላይ የሚይዙት ፈሳሽ ግን ልዩ ልዩ ነው። በሲሪንጁ ላይ ያለው መስመር «ዩኒት» የሚሆነው ለተሠራለት ኢንሱሊን ብቻ ነው።

ሐኪሟ ይህን በወረቀት ላይ ስላ አሳየችን። እኔ ለእናቴ በአማርኛ ላስረዳት ስሞክር ቀድማኝ፣ «ገባኝ፤ ጭልፋው ሌላ፣ ወጡም ሌላ ነው። አንዱ ቀይ ወጥ፣ አንዱ አልጫ» አለች። ከዚህ የተሻለ አስረድቼ አላውቅም። ቀጥላም፣ «በቤቴ ሁለት መስፈሪያ አገባሽብኝ፤ ኦሪት የከለከለውን» ብላ ቀለደችብኝ።

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ አደጋው ግን እውነተኛ ነበር። ቁጥሩን እስቲ አብረን እንየው። የድመቱን ኢንሱሊን በብርቱካናማው ሲሪንጅ እስከ «1» ብትስቡ የሚሰጠው አንድ ዩኒት ሳይሆን 0.4 ዩኒት ነው፤ ከግማሽ በታች ነውና በሽታው ሳይታከም ይቀራል። ይህ ያንሳል እንጂ ወዲያው አይገድልም። የእናቴን ኢንሱሊን በቀዩ ሲሪንጅ መሳብ ግን ሌላ ነው። እናቴ ማታ ማታ የምትወስደው 18 ዩኒት ነው። በቀዩ ሲሪንጅ እስከ «18» ብትስብ ወደ ሰውነቷ የሚገባው 45 ዩኒት ነው፤ ሁለት ጊዜ ተኩል መሆኑ ነው። ዕድሜዋ ሰባ ያለፈ ሴት ይህን ወስዳ ብትተኛ ሌሊት ስኳሯ ወርዶ ምን ሊሆን እንደሚችል ለመጻፍ እንኳ እጄ ይከብደኛል። ሐኪሟ ስለ ድመቱ ስታስረዳን እኔ የማስበው ስለ እናቴ ነበር።

አንድ ቀን ማታ የቀዩ ሲሪንጅ ካርቶን ባዶ ሆኖ ተገኘ። የ15 ዓመት ልጄ፣ ያው የኢንሱሊን ሲሪንጅ ነው ብላ ከአያቷ ካርቶን አንዱን አነሣች። እናቴ ከሶፋው ላይ ሳትነሣ፣ «ቀለሙን እዪ!» ብላ ጮኸች። ወደ መድኃኒት ቤት ሮጥን። የሰው መድኃኒት ቤት ቀዩን ሁልጊዜ አያስቀምጥም፤ ባለ መድኃኒቱም «በብርቱካናማው መስጠት ትችላላችሁ፣ በ2.5 እያባዛችሁ» አለን። ሒሳቡ ልክ ነው፤ አንዳንድ የእንስሳት ሐኪሞችም ግድ ሲሆን ሠንጠረዥ ይሰጣሉ። እኔ ግን፣ በተለይ ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን ባለበት ቤት፣ በቃል ማባዛትን አልደግፍም። ሰው ይደክመዋል፣ ስልክ ይጠራል፣ ልጅ ያለቅሳል። በማግሥቱ ከእንስሳት ክሊኒኩ ሁለት ካርቶን ገዛን፤ ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲከፈት ሌላው ይታዘዛል።

የእናቴ በፍሪጁ በር ላይ፣ የውሮ ደግሞ ከታች በአትክልቱ መሳቢያ ውስጥ በተዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ተቀመጠ። በብልቃጦቹም ላይ በአማርኛ በትልቁ «ሰው» እና «ድመት» ብለን ጻፍንባቸው። የፈሳሹም መልክ ይረዳል፤ የእናቴ እንደ ውኃ የጠራ ነው፣ የድመቱ ሲነቀነቅ እንደ ወተት ነው። የጠራው ከደፈረሰ፣ ወይም ወተት የሚመስለው ተነቅንቆም ካልተዋሐደ አይወሰድም። ሁለቱም በረዶ እንዳይሠሩ ከፍሪጁ ማቀዝቀዣ ግድግዳ እናርቃቸዋለን።

እናቴ እጄን አስተማረችኝ

አንድ ዩኒት የውሮ ኢንሱሊን ማለት የአንድ ሚሊ ሊትር አርባኛ እጅ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ለሁለት መቶ ብትከፍሉት አንዱ ክፋይ እንደ ማለት ነው። በዚህ ልክ ላይ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል የአየር አረፋ እንኳ መጠኑን ታዛባለች። እናቴ በአንድ ወቅት 18 ዩኒት ላይ ግማሽ ቢጎድል ቢበዛ አይታወቃትም፤ ለድመቱ ግን ግማሽ ዩኒት የመድኃኒቱ እኩሌታ ነው። ለዚህ ነው ሐኪሟ በመስመሮቹ መካከል ግማሽ ዩኒት የሚያሳየውን ትንሹን ሲሪንጅ ያዘዘችልን።

ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ሦስት ቀን በውኃ ተለማመድን። አስተማሪዋ እናቴ ነበረች። በመስኮቱ ብርሃን ፊት አቆመችኝና ሲሪንጁን በዓይኔ ልክ አስያዘችኝ፤ ከላይም ከታችም ሲያዩት መስመሩ ይዋሻል። የሚነበበው በመርፌው በኩል ያለው የጥቁሩ ጎማ ጠርዝ ነው እንጂ የኋላው አይደለም። በመጀመሪያ የምትስቡትን ያህል አየር ወደ ብልቃጡ ታስገባላችሁ፤ ብልቃጡን ገልብጣችሁ ከሚያስፈልገው ትንሽ አሳልፋችሁ ትስባላችሁ፤ በጣት መታ መታ አድርጋችሁ አረፋው ሲወጣ ትርፉን ትመልሱና በመስመሩ ላይ ታቆማላችሁ። ከዚያ ሌላ ሰው ያየዋል። በቤታችን ሁለት ዓይን ያላየው መርፌ አይወጋም።

በአንድ ነገር ግን እናቴና ሐኪሟ አልተስማሙም ነበር። እናቴ ሌንቴም ሆነ ሌላ ደፍራሳ ኢንሱሊን በመዳፍ መካከል ቀስ ብሎ ማንከባለል እንጂ መነቅነቅ ነውር ነው ብላ ነው የተማረችው። የውሮ መድኃኒት ግን በደንብ ተነቅንቆ አንድ ወጥ ወተት እንዲመስልና አረፋው እስኪጠፋ እንዲቆይ መመሪያው ያዛል። ሌሎች የድመት ኢንሱሊኖች ደግሞ የሚንከባለሉ አሉ። የእናቴ እጅ መነቅነቁን ለመቀበል አንድ ሳምንት ፈጀበት። የእያንዳንዱን ብልቃጥ መመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል፤ የአንዱ ልማድ ለሌላው አይሠራም።

መርፌው ራሱ ካሰብነው ይልቅ ቀላል ሆነ። መጀመሪያ ይበላል፤ ካልበላ ወይም ካስመለሰ አንወጋውም፣ ለሐኪሟ እንደውላለን። እየበላ ሳለ ከጎኑ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርገን እንደ ድንኳን እናነሣና በሥሩ እንወጋዋለን። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት። ረቡዕ ማታ ጸሎት ስላለን አንዳችን በተራ እንቀራለን፤ መጋቢያችን ምክንያቱን ሲሰማ ፈገግ ብሎ ዝም አለ።

በሁለተኛው ሳምንት ልጄ ስትወጋው ውሮ ዘለለ፤ ፀጉሩ እርጥብ ሆነ። መድኃኒቱ ከቆዳው ሥር ይግባ ወይም በሌላው ጎን ይውጣ ማንም አላወቀም። ልጄ ልትደግም ሲሪንጅ አነሣች። እናቴ እጇን ያዘቻት። «የጎደለ ይሞላል፣ የፈሰሰ አይታፈስም» አለቻት። ሐኪሟም ስንደውልላት ያለችው ይህንኑ ነው፤ እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትድገሙ፣ አንድ መርፌ መዝለል ድመትን አይገድልም፣ እጥፍ መስጠት ግን ይገድላል። ስኳሩ ከወረደ እንደሚንገዳገድ፣ እንደሚደክም፣ እንደሚንቀጠቀጥ አስጠንቅቃናለች፤ ያን ጊዜ ማር ወይም ሽሮፕ በድዱ ላይ ቀብቶ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክሊኒክ መሄድ ነው። ማሩ በጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ እስከ ዛሬ ግን አላስፈለገም።

አንድ ነገር ላክል። የእናቴን የስኳር መለኪያ ለድመቱ አንጠቀምበትም። የሰው መለኪያ የድመትን ደም ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያል። መጠኑንም በአንድ ቀን ቁጥር አንቀያይርም፤ የሚቀይረው ሐኪም ነው።

ከመጋረጃ ወጣች

እናቴ ከኛ ጋር ከተቀመጠች ስድስት ዓመቷ ነው። እስከዚህ ድመት ድረስ መርፌዋን በልጆቹ ፊት ወስዳ አታውቅም፤ መኝታ ቤቷን ዘግታ ነበር። ስንት እንደምትወስድ እኔም በትክክል አላውቅም ነበር፤ አትናገርም። ሰዎች በሽታን እንደ እምነት ጉድለት በሚያዩበት አካባቢ ብዙ ስለ ኖረች ነው። አንድ ጊዜ በአገር ቤት በጸሎት ስብሰባ ላይ አንድ አገልጋይ እጁን ጭኖ፣ «ተፈውሰሻል፤ ከዛሬ ጀምሮ መርፌውን ተዪ» እንዳላት የነገረችኝ በዚህ ክረምት፣ ሲሪንጅ እየሳብን ሳለ ነው። ምን እንዳደረገች ጠየቅኋት። «አሜን አልኩ፤ ቤቴ ሄጄ የታዘዘልኝን ሰፍሬ ወሰድሁ። ጌታ ከፈወሰኝ ሐኪሙ ሲለካኝ ያገኘዋል አልኩ» አለችኝ። እግዚአብሔር እንደሚፈውስ አምናለሁ፤ ስለ እርሷም ጸሎቴን አላቋረጥሁም። ሐኪም ሳይለካ መርፌ አስጥሎ የሚሄድን ትንቢት ግን ከእግዚአብሔር ነው ብዬ አልቀበልም። በዚህ የቀበርናቸው ሰዎች አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም።

አሁን ልጆቹ ማታ ለውሮ ሲሰፍሩ ለእርሷም አጠገቧ ተቀምጠው ያዩላታል። ዓይኗ ደክሟልና መስመሩን ለማየት የሁለተኛ ሰው ዓይን የሚያስፈልጋት ከድመቱ ይልቅ እርሷን ነበር። የተጠቀምንባቸውን መርፌዎች በባዶ የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ጠርሙስ እናጠራቅማለን፤ የሁለቱም አንድ ላይ ነው።

የውሮ መጠን በጥር ወር በሐኪም ትእዛዝ ወደ ሁለት ዩኒት ከፍ ብሎ ነበር። ደረቁን ምግብ ትቶ ስታርች ያነሰበትን እርጥብ ምግብ ከጀመረ ወዲህ አንድ ኪሎ ቀንሷል፤ በግንቦት ወር እንደገና ወደ አንድ ዩኒት ወረደ። አንዳንድ ድመቶች በዚህ መንገድ ከመርፌ ጨርሰው እንደሚወጡ ነግራናለች፤ የኛው ገና አልወጣም።

በሐምሌ ወር ለሰርግ ዳላስ ስንሄድ እናቴ «ማን ይወጋዋል?» ብላ ቀረች፤ ጎረቤታችን ማታ ማታ እየመጣች መስመሩን አየችላት። ስንደውል መጀመሪያ የምትነግረን የውሮን ነው፤ ስንት እንደበላ፣ ስንት እንደተሰፈረለት። ከዚያ ሳንጠይቃት የራሷን ቁጥር ትጨምራለች።